ጎንደር ላይ ለአራት ሰው ቤተሰብ፦ ማራኪ 8,500 ብር ወይስ አዘዞ 5,000 ብር?

ጠያቂ፦ አዲስ ገቢ

ጤና ይስጥልኝ። ከመስከረም ጀምሮ ሥራዬ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ ነው። እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆች (6 እና 9 ዓመት) ነን። በወር እጃችን የሚገባው 19,000 ብር ነው። ሁለት ቤት ተገኝቷል፦

ማራኪ፦ ሁለት ክፍል የብሎኬት ሰርቪስ፣ 8,500 ብር። መጸዳጃው ከሁለት ተከራዮች ጋር የጋራ ነው። ቆጣሪው የአከራዩ ነው፤ «በሰው ቁጥር እናካፍላለን» ብለዋል።

አዘዞ፦ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ከትንሽ ማድቤት ጋር፣ 5,000 ብር። የራሱ ካርድ ቆጣሪ አለው። ከአስፋልቱ እስከ ቤቱ ግን ባጃጅ ይፈልጋል።

የቱ ነው እውነት የሚረክሰው? እንጀራ መግዛት ይሻላል ወይስ መጋገር? ከመፈራረሜ በፊትስ ምን ልይ?

የአዘዞ መስመር

በመጀመሪያ ልዩነቱን ወደ ቀን አውርደው። 8,500 ሲቀነስ 5,000፣ 3,500 ብር ነው። ለ26 የሥራ ቀን ሲካፈል በቀን ወደ 134 ብር ይመጣል። አዘዞ የሚያዋጣህ የቤተሰቡ የቀን ትራንስፖርት ከዚህ በታች ከሆነ ብቻ ነው። ከፒያሳ አዘዞ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በእግር አይታሰብም። ስለዚህ ሚኒባስ ሁለት ጊዜ፣ ባጃጅ ሁለት ጊዜ ቁጠር። ባጃጁን ስትቆጥር የሰው መጫኛ ዋጋውን ብቻ አትያዝ፤ ማታ ከመሸ ወይም ዝናብ ከያዘ ሰው ስለማይሞላ ኮንትራት ይሉሃል። በሳምንት ሁለት ቀን በኮንትራት ዋጋ አስላው።

ልጆቹ አዘዞው ውስጥ ከተማሩ ሂሳቡ ያንተ ብቻ ነው። ወደ ላይ ወደ ከተማ የሚመላለሱ ከሆነ ግን 134ቱ ብር በአንድ ጠዋት ያልቃል፣ አዘዞን ተወው። ማራኪ ለፒያሳ ቀረብ ይላል፤ ዳገቱን የሚችል ሰው ጠዋት በእግሩ ወጥቶ ማታ ቁልቁል ይመለሳል።

ዋጋውን ከደላላ አትጠይቅ። ሰኞ ጠዋት 1:30 ላይ ራስህ ተሳፍረህ ሂድ፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ ተመለስ። ወረፋውንም ሂሳቡንም ታየዋለህ።

ብሬከር

«በሰው ቁጥር እናካፍላለን» የሚለውን እንዳለ አትቀበል። ሁለት ችግር አለበት።

አንደኛው እርከን ነው። የመኖሪያ ቤት የመብራት ታሪፍ በእርከን ነው የሚሰላው፦ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት፣ ከ51 እስከ 100፣ ከ101 እስከ 200 እያለ ይወጣል፣ ዋጋውም አብሮ ይወጣል። ሦስት ቤተሰብ እያንዳንዱ 60 ቢጠቀም፣ በየራሱ ቆጣሪ ሁለተኛው እርከን ላይ ይቆማል። አንድ ቆጣሪ ላይ ሲደመር ግን 180 ይሆንና ሦስተኛው እርከን ውስጥ ይገባል። ማንም ሳያባክን ሁሉም ይወደድበታል።

ሁለተኛው፣ በሰው ቁጥር ሲካፈል የሚጋግርና የማይጋግር እኩል ይከፍላል። ልጆች ያሉት ተከራይ ደግሞ ሁልጊዜ ከፋይ ነው፤ የ6 ዓመት ልጅ እንደ አንድ ሰው ይቆጠርበታል።

የአዘዞውን ካርድ ቆጣሪም ዝም ብለህ አትመነው። ከመፈራረምህ በፊት በትንሽ ብር ሙላበት። ሳይሞላ የከረመ ቆጣሪ ላይ የተጠራቀመ ክፍያ መጀመሪያ ይቆረጣል፣ የተረፈው ነው ኪሎዋት የሚሆነው። ያለፈው ተከራይ ዕዳ ካለ እዚያው ይታያል፤ የአከራዩ ጉዳይ ነው፣ እሱ ይክፈል።

ሊጥና አብሲት

የእንጀራውን ለእኔ ተውልኝ፤ በሰው ግምት የሚታለፍ አይደለም።

አራት ሆናችሁ፣ ሁለቱ ልጆች ስለሆኑ፣ በቀን 7 እንጀራ ያዝ። በወር 210 ነው። አንድ ኪሎ ዱቄት እንደ እንጀራው ውፍረት ከ4 እስከ 5 እንጀራ ይወጣዋል። ስለዚህ በወር ከ42 እስከ 53 ኪሎ ያስፈልጋል፣ አንድ ኩንታል ለሁለት ወር ገደማ ይሄዳል ማለት ነው። አሁን የሰፈርህን የአንድ እንጀራ ዋጋ በ210 አባዛው። በሌላ በኩል የግማሽ ኩንታል ጤፍ፣ የወፍጮና የመብራት ደምር። ሁለቱን አስተያይ።

መብራቱ እንዲህ ነው። ምጣዱ 3.5 ኪሎዋት ቢሆን፣ 30 እንጀራ ለመጋገር ከማሞቂያው ጋር ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ 7 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 210 እንጀራ ሰባት ጊዜ መጋገር ነው፤ 49 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። ከላይ የተባለውን የመጀመሪያ እርከን እንጀራው ብቻውን ጨረሰው። ለዚህ ነው መጋገር የሚያዋጣው የራስ ቆጣሪ ሲኖር ነው የምለው።

ለመቆጠብ፦ አሥር አሥር እየጋገራችሁ ሦስቴ ምጣድ አታሙቁ። አንዴ ለማሞቅ ሩብ ሰዓት ያህል ይሄዳል፣ በየጊዜው ወደ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት በከንቱ ነው። የመጨረሻዎቹ ሦስት እንጀራ ሲቀሩ አጥፉት፤ ሸክላው በያዘው ሙቀት ያወጣቸዋል። ምሽት ላይ ኃይል ሲደክም ምጣዱ ቶሎ አይግልም፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም፤ ረፋድ ላይ ይሻላል።

ጤፉን በተመለከተ፦ አዲስ ምርት ከኅዳር እስከ ጥር ይገባል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይወደዳል። አንተ የምትመጣው በውዱ ጊዜ ነው። ስለዚህ መስከረም ላይ ሁለት ኩንታል አትግዛ፤ 50 ኪሎ ገዝተህ አዲሱን ጠብቅ፣ ጥር ላይ በርከት አድርግ። ቅዳሜ ገበያ የደምቢያ ጤፍ ታገኛለህ። ማኛ ካልሆነ አትበል፣ ሰርገኛው ለቤት ይበቃል። ስትገዛ ከጆንያው አናት ብቻ አትይ፤ እጅህን እስከ ክርንህ ከተህ ከሥሩ አውጣ፣ መዳፍህ ላይ አሽተህ እፍ በል። አቧራና ገለባ ከበዛ፣ ወይም ስትነክሰው ከተንኳኳ አሸዋ አለበት። እጅ ላይ ከቀዘቀዘና ከተጣበቀ እርጥብ ነው፤ ለውሃ ክብደት ትከፍላለህ፣ ቤትም ይሻግትብሃል።

በሩዝ መደባለቅም ይቻላል። የፎገራ ሩዝ ስብርባሪው ይረክሳል። ሦስት እጅ ጤፍ፣ አንድ እጅ ሩዝ፤ ከዚያ አታሳልፍ። ሩዙን ለብቻው አልሞ ማስፈጨት ነው፤ ከጤፍ ጋር አንድ ላይ ከተፈጨ እኩል አይልምም። ከሩብ ሲያልፍ እንጀራው በማግስቱ ይደርቃል፣ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። መድኃኒቱ አብሲት ነው፦ ከቦካው ሊጥ አንድ አሥረኛውን ያህል በሦስት እጥፍ ውሃ በጥብጦ፣ እያማሰሉ እስኪወፍር አፍልቶ፣ በረድ ሲል መልሶ መቀላቀል። በክረምት ብርድ ሊጡ ቶሎ ስለማይቦካ በሁለተኛው ቀን አትቸኩሉ።

ሌላው ቶሎ ቶሎ፦ በርበሬ ዛላውን በኅዳርና ጥር መሀል በፈረሱላ (17 ኪሎ) ግዙና ራሳችሁ ቀንጥሳችሁ አስፈጩ። የተፈጨውን መግዛት ምን እንደተቀላቀለበት ሳያውቁ መብላት ነው። ሽንኩርት የመስኖው ሲደርስ፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ ይረክሳል። እንቁላል በሁዳዴ 55 ቀን ዋጋው ይወርዳል፣ ልጆች ላሉት ቤት ያን ጊዜ ነው መግዛት። ፋሲካ ሳምንት እስኪቀረው የጠበቀ ሰው ግን በውድ ነው የሚገዛው።

የሌሊት ውሃ

እስካሁን ውሃን ማንም አላነሳም፤ ጎንደር ላይ ቤት የሚመረጠው በውሃ ነው። የአንገረብ ግድብ ደለል እየሞላው፣ ከተማውም እየሰፋ፣ ውሃ በፈረቃ ነው። ቤቱን ስታይ አከራዩን «ውሃ አለ?» ብትለው «አለ» ይልሃል፤ ቧንቧው አለ ማለቱ ነው። ጎረቤት ቡና የምታፈላዋን ሴት «መጨረሻ የመጣችው መቼ ነው? በስንት ሰዓት?» በል።

መልሱን እንዲህ ተርጉመው። ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር፣ አንድ ጀሪካን፣ ትንሹ ነው። ለአራት ሰው 80 ሊትር። በሰባት ቀን አንዴ ከመጣች 560 ሊትር ማጠራቀም አለብህ፣ ባለ 200 ሊትር በርሜል ሦስት ነው። በአሥር ቀን ከሆነ 800 ሊትር፣ አራት በርሜል። ግቢው ውስጥ ማስቀመጫ ቦታ ሳታይ አትፈራረም፤ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አራት በርሜል ከገባ አልጋው የት ይገባል?

ግቢው ሮቶ ካለው የት እንደተሰቀለ እይ። ከፍ ያለ ቆጥ ላይ ከሆነ የፈረቃው ውሃ ግፊቱ ሲደክም አይደርስበትም፤ ከቧንቧው ሥር ያለ በርሜል ሲሞላ ሮቶው ባዶውን ያድራል። የጋራ ከሆነ ደግሞ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ጠይቅ። በርሜል ስትገዛ የምግብ ዘይት የነበረበትን ፈልግ፤ የኬሚካል ሽታ ያለው ታጥቦ አይለቅም። ለመጠጥ የምትለየውን በውሃ አጋር አክመህ፣ መጠኑን ጠርሙሱ ላይ አንብበህ፣ 30 ደቂቃ አቆየው።

ክረምቱ ላይ አሸንዳ ያለው ቤት ገንዘብ ነው። 30 ካሬ ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 300 ሊትር ነው፤ የሚፈሰው ተቀንሶ 240 ይተርፋል። የመጀመሪያውን ቆሻሻ ውሃ ልቀቅ፣ የቀረው ለልብስና ለመጸዳጃ ይሁን። ማራኪ ይሁን አዘዞ፣ ጀሪካን በጋሪ እየገዛህ የምትኖርበት ቤት በ3,000 ብርም ውድ ነው።

ከሰል ሻጭ አይደለሁም

መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ነገር ይኑራችሁ። ለወጥ «ላቀች» የሚባለው የከሰል ምድጃ ከተራው የብረት ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። የአዘዞው ቤት ማድቤት ስላለው ደግሞ «ምርጥ» የሚባለውን የእንጀራ መጋገሪያ የእንጨት ምድጃ መትከል ይቻላል፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ እንጨቱን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። ከሰል በክረምት አትግዙ፤ እርጥብ ነው፣ ማዳበሪያው ይከብዳል እንጂ እሳት የለውም።

ሰነድ

አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ይላል። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሆነ፣ ቀበሌው ውል እየመዘገበ መሆኑን ጠይቅ። ባይመዘግብ እንኳ ውሉን በጽሑፍ አድርገው፤ መብራትና ውሃ እንዴት እንደሚካፈል፣ ግድግዳ ሲፈርስ ማን እንደሚያድስ ይጻፍበት። የጭቃ ቤት ከሆነ የግድግዳውን እግር በእጅህ ዳስሰው፤ ነሐሴ ላይ ማየትህ ጥሩ ነው፣ የሚያፈሰው አይደበቅም።

የምትለቀው ቀበሌ መሸኛ ይስጥህ። ያለ መሸኛ የነዋሪነት መታወቂያ አይወጣም፣ ያለ መታወቂያ ደግሞ ከሸማቾች ማኅበር ዘይትና ስኳር ሲመጣ ወረፋው ላይ ስምህ የለም።

ለወደፊትም፦ ቤት ለመቀየር ካሰብክ በጥምቀት ሰሞን አትፈልግ። ክፍሉ ሁሉ በአዳር ይከራያል፣ አከራይም የወር ዋጋ አይሰማህም። ማራኪ ላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚገባበት ሰሞንም እንደዚያው ነው።

አዲስ ገቢ

እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ ሊጥም እግዜር ያክብርልኝ። ጠየቅሁ፦ ማራኪ ውሃ በስድስት ቀን፣ አዘዞ በአሥር ቀን ነው ብለዋል ጎረቤቶቹ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ያገኙት ከተማ ውስጥ ነው። ስለዚህ ወደ ማራኪው አዘንብያለሁ። አከራዩ በራሴ ወጪ የውስጥ ቆጣሪ እንድተክል ፈቅደዋል። ሂሳቡ እንዴት ይሁን? ምጣዱንስ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ልሰካው?

ብሬከር

ሶኬቱ ላይ አትሰካው። 3,500 ዋት በ220 ቮልት 16 አምፔር ነው፤ ተራው ሶኬት ጫፉ ላይ ደርሶ ሁለት ሰዓት ይሠራል፣ መጀመሪያ ይሞቃል፣ ቀጥሎ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ከውስጥ ቆጣሪህ ቀጥታ በ4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ አስዘርጋ፣ 20 አምፔር ብሬከር ይኑረው፣ የመሬት ገመዱንም ከምጣዱ ብረት ጋር አሳስረው። በ2.5 ገመድ ረክሶ ሊሠራልህ የሚፈልግ አለ፤ ረጅም ርቀት ከሆነ ገመዱ ራሱ ምጣድ ይሆናል።

ሂሳቡ፦ የዋናው ቆጣሪ በተነበበበት ቀን ያንተንም አንብብ፣ ፎቶ አንሳ። የግቢውን ጠቅላላ ክፍያ ለጠቅላላው ኪሎዋት ሰዓት አካፍል፣ የወጣውን ባንተ ንባብ አባዛ። ግቢው 240 ተጠቅሞ አንተ 80 ከሆንክ፣ የክፍያው ሲሶ ያንተ ነው። የተለያየ ቀን ከተነበበ ግን በየወሩ ትጣላላችሁ። ውሉ ላይ ቆጣሪው ያንተ ንብረት እንደሆነና ስትለቅ እንደምትነቅለው አስጽፍ።