የእግዚአብሔርን ፈቃድ እንዴት ልወቅ? ከጅማ ልሂድ ወይስ ልቆይ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጅማ ነው። ዩኒቨርሲቲም እዚሁ ጨርሼ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ሂሳብ እሠራለሁ። አሁን አዲስ አበባ የተሻለ ደመወዝ ያለው ሥራ አግኝቻለሁ፤ እስከ ዓርብ መልስ ስጪ ብለውኛል። የከበደኝ የእናቴ ነገር ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ በአጋሮ መንገድ ያለችንን ትንሽ የቡና ማሳ የምንከታተለው እኔና እሷ ብቻ ነን፣ ለቀማውም እየደረሰ ነው።

ጸለይኩ፣ ጾምኩ፣ ምንም አልሰማሁም። በአንድ የጸሎት ፕሮግራም ላይ አገልጋዩ «ከዚህ ከተማ ትወጫለሽ» ብሎ ተነበየልኝ። በጣም የማከብራት እህት ደግሞ «ጌታ ቆዪ እያለሽ ነው» አለችኝ። ሁለቱም በጌታ ስም ነው የተናገሩት፣ የቱን ልያዝ? ከሥራው በላይ የሚያስጨንቀኝ ከፈቃዱ መውጣት ነው። አንዴ ከተሳሳትኩ ዕድሜ ልኬን ከመንገዱ ውጭ የምኖር ይመስለኛል።

መልስ 1፦
እህቴ ምልክት ጠይቂው። ጌዴዎን የበግ ጠጉር አውድማ ላይ አኑሮ አልጠየቀም እንዴ? «እስከ ሐሙስ ማታ ራሳቸው ከደወሉ እሄዳለሁ፣ ካልደወሉ እቀራለሁ» በይና ለጌታ ተይለት። እጸልይልሻለሁ።

መልስ 2፦
ወንድሜ በቅንነት እንደጻፍከው ይገባኛል፣ ግን በዚህ አልስማማም። መሳፍንት 6ን ከፍ ብለህ አንብበው። ጌዴዎን ጠጉሩን ከማኖሩ በፊት «ሂድ፣ እስራኤልን አድን» ተብሎ በግልጽ ታዟል። ጠጉሩን ያኖረው ስለፈራ ነው እንጂ ትእዛዙ ጠፍቶት አይደለም። እግዚአብሔርም ድካሙን ታግሦ መለሰለት። አንድ መሥሪያ ቤት ሐሙስ ደወለ አልደወለ ግን የሰው ፕሮግራም ነው፣ እናቷን የሚያህል ነገር በዚያ አይወሰንም።

እህቴ፣ አንቺ ደግሞ የሐዋርያት ሥራ 16ን ቀስ ብለሽ አንብቢ። ጳውሎስና ጓደኞቹ ወደ እስያ ሊሄዱ አሰቡ፣ መንፈስ ቅዱስ ከለከላቸው። ወደ ቢታንያ ሞከሩ፣ አሁንም አልተፈቀደላቸውም። ጢሮአዳ ደርሰው ነው ጳውሎስ በሌሊት የመቄዶንያውን ሰው በራእይ ያየው። ሐዋርያ ሆኖ እንኳ ቀጣዩን መንገድ አስቀድሞ አልተነገረውም፤ እየሄደ ሳለ ነው የተመለሰው። ራእዩን ካየ በኋላም ብቻውን ብድግ ብሎ አልሄደም፣ 10ኛው ቁጥር እግዚአብሔር እንደጠራቸው የተረዱት አብረው እንደሆነ ነው የሚናገረው። ፊልጵስዩስ ሲደርሱ ልድያ አመነች፣ ደስ ይላል፣ ከዚያ ግን ተገርፈው እስር ቤት ገቡ! ስለዚህ አዲስ አበባ ሄደሽ ቢከብድሽ «ከፈቃዱ ወጥቻለሁ» አትበይ፣ ጅማ ቀርተሽ ቢከብድሽም እንደዚያው።

ትንቢቱን በተመለከተ፣ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ትንቢትን አትናቁ፣ ሁሉን ፈትኑ ብሎ ሁለቱንም አንድ ላይ ጽፏል። መፈተን አለማመን አይደለም። ነቢዩ አጋቦስ በቂሣርያ ጳውሎስ ኢየሩሳሌም ላይ እንደሚታሰር ሲናገር፣ የሰሙት ሁሉ አትሂድ ብለው አለቀሱ፣ እሱ ግን ሄደ። ትንቢቱ እውነት ነበር፤ «አትሂድ» ያሉት ግን ሰዎቹ ናቸው። ላንቺ የተባለውም «ትወጫለሽ» ነው እንጂ በዚህ ዓርብ፣ ለዚህ ሥራ፣ እናትሽን ትተሽ አላለም።

መልስ 3፦
ልጄ፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ መልሴ ከሌሎቹ ትንሽ ይለይ ይሆናል። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ወደ ንስሐ አባት ይኬዳል፣ የሚችል ሱባኤ ይገባል። የንስሐ አባት የሚጠቅመው ጠባይሽን ስለሚያውቅ ነው፣ ገንዘብ አጓጉቶሽ እንደሆነ ወይም ፈርተሽ እንደሆነ ያይልሻል። አንቺም ከልጅነትሽ የሚያውቅሽ ሽማግሌ ወይም መጋቢ አይጠፋም፣ እሱ ጋ ሂጂ። ዛሬ በፕሮግራም ላይ ካየሽ ሰው ይሻላል።

ግን ያልገባኝ ነገር አለ። ከአገልጋዩም ከእህትየዋም ጋር ተነጋግረሻል፣ እናትሽስ ምን አሉ? ጌታችን እኮ በማርቆስ 7 ላይ ለእግዚአብሔር መባ ሰጥተናል እያሉ አባትና እናታቸውን የማይረዱትን ገሥጿል። እናትሽን መጦር ፈቃዱ መሆኑን ለማወቅ ራእይ አያስፈልግሽም። በቅርብ ሆነሽ ነው ወይስ ብር እየላክሽ፣ እሱን ግን እሳቸውን ጠይቂያቸው።

መልስ 4፦
መልስ 3 ላይ የጻፉት እናት፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ያዕቆብ 1፥5 ጥበብ የጎደለው ይለምን ነው የሚለው፣ ሳይነቅፍ ይሰጠዋል ይላል። «ሳይነቅፍ» የምትለዋን ያዢ እህቴ። ብትሳሳቺ ፊቱን አዙሮ የሚተውሽ አምላክ አድርገሽ ነው የሳልሽው፣ የጻፍሽውን ሳነብ ልቤን የነካኝ እሱ ነው። ዮናስ እያወቀ ሸሽቶ እንኳ አልተወውም።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይባርካችሁ። ትናንት ማታ እማዬን አነጋገርኳት። እንዳትጨነቅ ብዬ ደብቄያት ነበር፣ እሷ ግን ከጎረቤት ሰምታ እስክነግራት እየጠበቀች ኖሯል። ብዙ አወራን፣ አብረንም ጸለይን። «ማሳውን ለአጎትሽ በእኩል እንሰጠዋለን፣ ይሄን ለቀማ ግን ሳትጨርሺ አትሂጂብኝ» አለችኝ። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት አዲስ አበባ ደውዬ ቡናው እስኪገባ እንዲጠብቁኝ ጠየቅኳቸው። እናስብበት ብለዋል። እምቢ ካሉ እቀራለሁ፣ ከእማዬም ጋር ተስማምተናል። ነገ ደግሞ ወደ መጋቢያችን እሄዳለሁ።

እሺ ካሉኝ ሥራው ሳሪስ አካባቢ ነው። እዚያ ለሴት ልጅ የሚሆን የኪራይ ክፍል የሚያውቅ አለ?

መልስ 3፦
የእህቴ ልጅ እዚያው ትኖራለች። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ለእናትሽም ሰላም በይልኝ።