በጀርባ ስዋኝ ወገቤ ይሰምጣል፤ ምን ላድርግ?

ጀማሪዋ፦ ሰላም የጅማ ልጆች። ፊቴን ውሃ ውስጥ መንከር ስለሚያስጨንቀኝ በጀርባ ዋና ልጀምር ብዬ ነው። የውድድሩን ሳይሆን ቀላሉን፣ ሁለቱ እጆች አንድ ላይ የሚሄዱበትን ማለቴ ነው። ሦስት አራቴ እንደቀዘፍኩ ወገቤ ይወርዳል፣ ውሃም አፍንጫዬ ይገባል።

ገንዳ ዳር፦ እህቴ፣ ጥፋቱ ጭንቅላትሽ ላይ ነው። የእግር ጣትሽን ለማየት ቀና ስትይ ሰውነትሽ ወንበር ላይ የተቀመጠ ይመስል ይታጠፋል። ጆሮሽ ውሃ ውስጥ ይግባ፣ ዓይንሽ ሰማይ ሰማዩን ይይ፣ እምብርትሽን ወደ ላይ ግፊ። እንዲህ ሆነሽ 10 ሰከንድ መንሳፈፍ ሳትችዪ ቅዘፋ አትጀምሪ።

ከዚያ እጅሽ ጭንሽ ላይ፣ እግርሽ ገጥሞ ትጀምሪያለሽ። እጅሽን ጎንሽን እያሳከክሽ እስከ ብብት አምጪ፤ ተረከዝሽ ከጉልበትሽ ስር ወደ ታች ይውረድ። እጅሽን ወደ ጎን ዘርጊ፣ ከጭንቅላትሽ አናት በላይ ግን አይለፍ። የእግርሽን መዳፍ ወደ ውጭ አዙሪ። ከዚያ እጅና እግር በአንዴ ውሃውን ገፍተው ይገጥማሉ። እጅ የሚሄደው መንገድ ስለሚረዝም ከእግር ትንሽ ቀድሞ መግፋት ይጀምር፤ አለበለዚያ እኩል አይጨርሱም።

ከሁሉም በላይ ግን ከገፋሽ በኋላ ዝም ብለሽ ተንሳፈፊ! ሁለት ሦስት ሰከንድ፣ ፍጥነቱ እስኪቀንስ። ጀማሪ ሁሉ ይህን ይዘላል፤ ቶሎ የሚደክመውም ለዚህ ነው።

አባ ቀዛፊ፦ አፍንጫሽ የሚገባው ውሃ እጅሽን ከውሃ በላይ እያወጣሽ ስለምትመልሺ ሊሆን ይችላል። እጅ ከውሃ አይወጣም። እጅሽን ወደ ብብት ስትስቢ በአፍሽ አየር ሳቢ፣ ስትገፊ በአፍንጫ አስወጪ፤ አየር እየወጣ ውሃ አይገባም። ጉልበትሽ ከውሃ በላይ ብቅ ካለ ደግሞ ጉልበትሽን ወደ ሆድሽ እየሳብሽ ነው፣ ወገብሽን የሚያሰምጠውም አንዱ እሱ ነው።

እጁን ብቻ ለመለማመድ ክዳኑ የተጠበቀ ባዶ ሃይላንድ ጭንሽ መሃል ያዢ። እግርሽን ያነሳልሻል፣ ወጪውም ምንም ነው።

ጀማሪዋ፦ አመሰግናለሁ። ቦዬ ሐይቅ ላይ ብለማመድስ? ገንዳ ይወደዳል።

ገንዳ ዳር፦ አይሆንም! ቦዬ ጉማሬ አለው። የአዌቱ ወንዝም የከተማውን ቆሻሻ ተሸክሞ ነው የሚያልፈው። ቀስ ብሎ የሚሄድ ወይም የቆመ ውሃ ላይ ቀንድ አውጣ ካለ ቢልሃርዝያ ሊኖር ይችላል፤ ባትጠጪውም በቆዳ ይገባል። ደረትሽ ድረስ የሚደርስ ገንዳ፣ አጠገብሽ ዋና የሚችል ሰው ይኑር። ወደ ኋላ ስለማታዪ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስንት ቅዘፋ እንደሚፈጅብሽ ቁጠሪ፤ ሁለት ሲቀርሽ አንድ እጅሽን ከጭንቅላትሽ በላይ ዘርግተሽ ቀስ ብለሽ ጠጊ።