አፌ ይሸታል፤ የሰጡኝ ግሎቡሊ ይጠቅመኛል?

የፍራንክፈርቷ፦
ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ይህን ለመጻፍ ሦስት ቀን አመነታሁ። ስሜ ስለማይታይ ነው የደፈርኩት።

የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። ሥራው ፊት ለፊት ነው፤ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ። ባለፈው ወር አንዲት የ91 ዓመት እናት ሳለብሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ምንም አላሉም። የሹራባቸውን ቁልፍ እየቆለፍኩ ነበር። ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ነገሩ ገባኝና ትንፋሼን ዋጥ አደረግኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማስክ ሳላደርግ እሳቸው ክፍል ገብቼ አላውቅም።

ማታ ባለቤቴን ጠየቅኩት። «እኔ ምንም አይሸተኝም» አለኝ፤ ግን ቀና ብሎ አላየኝም። እውነቱን የነገረችኝ የ6 ዓመት ልጄ ናት። «እማዬ፣ ጠዋት ጠዋት አፍሽ እንቁላል እንቁላል ይሸታል» አለችኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ጥርሴን በቀን ሁለቴ እቦርሻለሁ። አልኮል ባለው መጉመጥመጫ ጠዋትና ማታ እጉመጠመጣለሁ። ማስቲካ ከኪሴ አይጠፋም። ሲጋራ አላጨስም። ቡና ግን ሦስቱንም እጠጣለሁ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። የአበባ ብናኝ አለርጂ ስላለብኝ ጸደይ ከገባ ጀምሮ በየቀኑ ክኒን እወስዳለሁ።

አንዲት ጀርመናዊት የሥራ ባልደረባዬ ነገሩን አውቃ መሰለኝ፣ ትንሽ ቡናማ ጠርሙስ ሰጠችኝ። ውስጡ ጥቃቅን ነጭ ፍሬዎች አሉ። እዚህ «ግሎቡሊ» ይሏቸዋል፤ ሆሚዮፓቲ የሚባል አማራጭ ሕክምና መድኃኒት ናቸው። ጠርሙሱ ላይ «መርኩሪየስ ሶሉቢሊስ ሲ 30» ይላል። አምስት ፍሬ ምላስሽ ሥር አድርጊ አለችኝ። የሚሸጠው ፋርማሲ ውስጥ ብቻ ስለሆነ እምነት ጣልኩበት። አሥር ቀን ወሰድኩ፤ ለውጥ አላየሁም። ልቀጥል? ወይስ የአፌ ነገር ከሌላ ነው? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

እማማ ከአዳማ፦
ልጄ፣ አይዞሽ። ማልቀስ አያስፈልግም፣ ሰው ሁሉ የሚገጥመው ነገር ነው። እኔ የማውቀው ጨጓራ ሲታመም አፍ እንደሚሸት ነው። ጨጓራሽን ታይ። እስከዚያ ቅርንፉድ አፍሽ ውስጥ ያዝ አድርጊ። እናቴ ነፍሷን ይማረውና፣ ሰማንያ ዓመቷ ድረስ ጥርሷን በወይራ መፋቂያ ነበር የምትፍቅ። ስትጨርስ መፋቂያውን ለሁለት ሰንጥቃ፣ ቆልመም አድርጋ ምላሷን ትገፋበት ነበር። እኛ ልጆቿ ምላሱን ተውነው። እዚያ አገር ወይራ ባይኖርም ምላስሽን አትርሺ።

የጥርስ ሐኪም፣ አዲስ አበባ፦
እህቴ፣ ስለጻፍሽ ደስ ብሎኛል። ወንበሬ ላይ ተቀምጠው «ጥርሴን እዪልኝ» የሚሉኝ፣ ግን የመጡት ለጠረኑ የሆኑ ሰዎች ብዙ ናቸው። እንደመጡ ሳይጠይቁኝ የሚሄዱም አሉ። ያሳዝነኛል፤ አብዛኛው የሚስተካከል ነገር ነውና።

እማማ ስለ ምላስ የተናገሩት ትልቁ ነገር ነው፤ ከእሱ ልጀምር። መጥፎ የአፍ ጠረን ካላቸው አሥር ሰዎች የስምንቱ ወይም የዘጠኙ ምንጭ እዚያው አፍ ውስጥ ነው። በተለይ የምላስ ጀርባ፣ ወደ ጉሮሮ የሚጠጋው ክፍል። ቦታው ሻካራ ነው፤ ምግብም፣ የሞተ ሕዋስም፣ ከአፍንጫ ወደ ኋላ የሚወርድ ንፍጥም ይይዛል። አየር የማይወዱ ባክቴሪያዎች እዚያ ተደብቀው ፕሮቲኑን ይሰባብራሉ። ከዚያ የሰልፈር ጋዝ ይወጣል። አንደኛው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፤ የተበላሸ እንቁላል ሽታ አለው። ልጅሽ ያሸተተችው ይህን ነው፣ በትክክል ነግራሻለች። ሁለተኛው ሜታይል መርካፕታን ይባላል፤ የበሰበሰ ጎመን ይመስላል። ይህኛው ድድ ሲታመም ይበዛል።

አሁን ይህን ሞክሪ። የሻይ ማንኪያ ገልብጠሽ የምላስሽን ኋላ ቀስ ብለሽ ጥረጊ። ማንኪያው ላይ የወጣውን እይ፤ ቢጫ ወይም ነጭ ዝልግልግ ነገር ይሆናል። ግማሽ ደቂቃ ጠብቂና አሽቺው። ከዚያ በጥርስ ክር ኋለኞቹን መንጋጋዎች መሃል አጽጂና ክሩን ለብቻ አሽቺ። ማንኪያው ከሸተተ ምላስሽ ነው። ክሩ ከሸተተ፣ ወይም ደም ካለበት፣ ድድሽ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ይሆናሉ። የራስን ትንፋሽ በእጅ ተቀብሎ ማሽተት ግን አያስተማምንም፤ አፍንጫ የራሱን ይለምደዋል።

ከጻፍሽው ውስጥ ዓይኔ የገባው ግን ሌላ ነው። የአለርጂ ክኒን አፍ ያደርቃል። አፍንጫሽ ስለሚዘጋ ሌሊት በአፍሽ ትተነፍሻለሽ ብዬ እገምታለሁ፤ ይህም ያደርቃል። ላዩ ላይ ደግሞ አልኮል ያለው መጉመጥመጫ። ሦስት ማድረቂያ በአንድ አፍ። ምራቅ ማለት የአፍ አጣቢ ነው። እሱ ሲጠፋ ባክቴሪያው ይፈነጫል። ጠዋት የሚብስብሽም፣ ጿሚ ሰው ከሰዓት በኋላ አፉ የሚከብደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ክኒኑን ግን በራስሽ አታቋርጪ። ያዘዘልሽን ሐኪም «አፌን አደረቀኝ፣ አማራጭ አለ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ።

እማማ ስለ ጨጓራ ላሉት፣ አንዳንዴ ይሆናል፣ ግን ሰው እንደሚያስበው አይበዛም። ምግብ ወደ ጨጓራ የሚወስደው ቧንቧ ስንውጥና ስናገሳ ካልሆነ በቀር ዝግ ነው። የጨጓራ መድኃኒት ለወራት ውጠው፣ ቦርቡሬ ሳየው ድዳቸው የመገለባቸው ሰዎች አጋጥመውኛል። ቅርንፉድ ሽታውን ለጊዜው ይሸፍናል። ጥርስሽን ግን በሎሚ አትሺ፤ ጥርስ ይበላል።

ችላ የማይባሉም አሉ። ትንፋሹ የአሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ) ወይም የፍራፍሬ ሽታ ያለው፣ ውሃ ጥም የያዘው፣ ሽንት የሚያመላልሰው፣ የሚከሳ ሰው የዚያኑ ቀን ስኳሩን ይለካ። እናቶች ደግሞ ይህን ያዙልኝ፦ የሕፃን አፍንጫ በአንድ ወገን ብቻ ከሸተተና ፈሳሽ ከወጣው፣ ባቄላ ወይም የስፖንጅ ቁራጭ ከትቶ ሊሆን ይችላል።

ወደ ግሎቡሊው እንምጣ። ሆሚዮፓቲን የጀመረው ሳሙኤል ሃነማን የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነው፤ ሐሳቡን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1796 ነው። መነሻው «ጤነኛውን የሚያሳምም ነገር፣ ያንኑ የሚመስለውን በሽታ ያድናል» የሚል ነው። መርኩሪየስ ማለት ሜርኩሪ ነው። በሜርኩሪ የተመረዘ ሰው ምራቁ ይዝረበረባል፣ ድዱ ያብጣል፣ አፉ ይሸታል። በዚያ ዘመን አውሮፓ ቂጥኝን በሜርኩሪ ያክም ስለነበር ሐኪሞቹ ይህን ደጋግመው አይተዋል። ስለዚህ የሆሚዮፓቲ ሰዎች ለአፍ ጠረን ሜርኩሪን መረጡ።

«ሲ 30» ደግሞ የማቅጠኑ ቁጥር ነው። አንድ እጅ በ99 እጅ ይቀጥናል። ከዚያ ላይ አንድ እጅ ተወስዶ እንደገና በ99። እንዲህ 30 ጊዜ። ከ12ኛው ዙር በኋላ ከመነሻው ነገር አንዲት ሞለኪውል እንኳ ለማግኘት ያዳግታል። አንቺ ምላስሽ ሥር ያደረግሽው ስኳር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የአውስትራሊያ የጤናና ሕክምና ምርምር ምክር ቤት ጥናቶቹን መርምሮ፣ ሆሚዮፓቲ ይፈውሰዋል የሚል አስተማማኝ ማስረጃ ያለው አንድም በሽታ አላገኘም። እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2017 የመንግሥት ሐኪሞቿ እንዳያዝዙት መከረች። ፋርማሲ ውስጥ መሸጡ አያሳስትሽ፤ ጀርመን ውስጥ የሆሚዮፓቲ ምርት ፈዋሽነቱን ሳያረጋግጥ መመዝገብ ይችላል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ እንደ ዲ 4 ያለ ዝቅ ያለ ቁጥር ያላቸው፣ ማለትም ጥቂት ጊዜ ብቻ የቀጠኑት፣ የመነሻው ነገር ሊኖርባቸው ስለሚችል አትነኪያቸው።

ባልደረባሽን አመስግኛት። ሌላው ፊቱን ሲያዞር እሷ ለማገዝ ሞክራለች። ጠርሙሱን ግን አስቀምጪውና የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

ፑኔ የተማርኩ፦
የሐኪሟን ነገር በራሴ አይቸዋለሁ። ሕንድ ስማር አፌ እየሸተተ ከሰው መራቅ ጀምሬ ነበር። እዚያ ሆሚዮፓቲ መንግሥት የሚያውቀው ሕክምና ነው፤ ኮሌጅም አለው። የሄድኩበት ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ጠየቀኝ። እንቅልፌን፣ ሕልሜን፣ ብርድ እንደምወድ ወይ ሙቀት። እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያ ያዳመጠኝ ሐኪም አልነበረም። ስወጣ ቀለል አለኝ። አራት ወር ፍሬውን ወሰድኩ፤ ሽታው ግን እዚያው ነው።

አንድ ቀን ሳስል ከጉሮሮዬ የሆነ ነገር ወጣ። ሶፍት ላይ ተቀበልኩት። ነጭ ወደ ቢጫ ያለ፣ የሩዝ ፍሬ ግማሽ ያክላል፣ ለስላሳ። በጣቴ ስጨፈልቀው የሸተተኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። የቶንሲል ጠጠር ነው አሉኝ፤ ቶንሲል ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ውስጥ ቆሻሻ እየተጠራቀመ የሚሠራው። ለብ ባለ የጨው ውሃ ከምግብ በኋላ መጉመጥመጥ ጀመርኩ፣ ምላሴንም ማጽዳት። አሁን አልፎ አልፎ ብቻ ነው። እህቴ፣ ጉሮሮሽን በመስታወት እይው።

የፍራንክፈርቷ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዶክተር፣ ማንኪያውን እንዳሉኝ አደረግኩ። ካሸተትኩ በኋላ ማንኪያውን ጣልኩት። ክሩም ደም ነበረበት።

የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ቀጥ ብዬ «የመጣሁት አፌ ስለሚሸት ነው» አልኩት። ስናገር እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሱ ምንም አልመሰለውም፤ «ክፈቺ» አለኝ። የታችኛው መንጋጋዬ ከኋላ በኩል በድድ ሥር የደደረ ጠጠር ይዟል። ከመስተዋቱ ላይ አሳየኝ፤ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ድንጋይ ላይ የያዘ ሽበት ይመስላል። ጠጠር ማስነሳት በዓመት አንድ ጊዜ የጤና መድኑ እንደሚሸፍነው አላውቅም ነበር። ጀርመን ያላችሁ፣ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው።

የቤተሰብ ሐኪሜ የአለርጂ ክኒኑን በአፍንጫ በሚነፋ ቀየረልኝ። አልኮል ያለውን መጉመጥመጫ ተውኩ። ምላሴን ማታ ማታ እፍቃለሁ። መጀመሪያ ያስመልሰኝ ነበር፤ ምላሴን አውጥቼ በአፍንጫዬ ስተነፍስ ቀለለኝ። ልጄ «ዛሬ ጥርስ ሳሙና ሳሙና ይሸታል» አለችኝ። ሥራ ላይም ማስኩን አወለቅኩ።

አንድ ነገር ብቻ፣ ዶክተር፦ ክር ስጠቀም አሁንም ትንሽ ይደማል። ላቁም?

የጥርስ ሐኪም፣ አዲስ አበባ፦
አታቁሚ። የሚደማው ድዱ ስላበጠ ነው፤ በየቀኑ ሲጸዳ ብዙ ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቀንሳል። ክሩን ድድሽ ላይ አትምቺው፣ ጥርሱን አቅፈሽ ወደ ላይና ወደ ታች ሳቢው። ከዚያ በኋላም ከቀጠለ ተመልሰሽ የድድሽን ጥልቀት እንዲለኩልሽ ንገሪያቸው።