ሦስት ሰፈር ለመቁረጥ ማክስ ፍሎው እምቢ አለኝ፣ ኮዴ ነው ችግሩ?

የኮዬዋ፦ ሰላም ናችሁ። ለመመረቂያ የኛን አካባቢ መንገድ ግራፍ አድርጌዋለሁ፣ 60 ኖድ (መገናኛ ነጥብ) ገደማ፣ ኤጁ (ሁለት ነጥብ የሚያገናኘው መንገድ) ላይ ያለው ቁጥር ለሩጫ ቀን ያንን መንገድ ለመዝጋት ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ ነው። ከኮዬ ፈጬ ወደ ቱሉ ዲምቱ መኪና እንዳያልፍ በትንሹ ስንት ሰው ስለው በኤድመንድስ ካርፕ፣ ማለት ማክስ ፍሎውን (በሁለት ነጥብ መሃል ሊያልፍ የሚችለውን ትልቁን ፍሰት) በሚያገኘው አልጎሪዝም፣ ወዲያው ይመልሳል። አሁን አድቫይዘሬ ገላንን ጨምሪና ሦስቱም እርስ በርስ አይገናኙ አለኝ፣ ሁለት ሁለቱን እየቆረጥኩ ደመርኩት 38 መጣ፣ በወረቀት ስሞክረው ግን በ24 ይቻላል። ሐሙስ አቀርባለሁ፣ መብራቱን ደግሞ ታውቁታላችሁ 😭

ጀሞ ሁለት፦ ማክስ ፍሎው ራሱ ኤንፒ ሃርድ (ግራፉ ሲያድግ ፈጣን መፍትሔ የማይታወቅለት) ነው እኮ፣ አትልፊ

ባለ ላፕቶፑ፦ ኧረ ወንድሜ አታሳስታት፣ አንተ የምትለው ማክስ ከት (ኖዶቹን ለሁለት ከፍሎ በመሃል የሚቆረጠውን ማብዛት) ነው፣ ካርፕ እ.ኤ.አ. በ1972 ከባድ ናቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 21 ችግሮች አንዱ። ማክስ ፍሎውማ ፖሊኖሚያል ነው (ግራፉ ቢያድግም ጊዜው አይፈነዳም)፣ እ.ኤ.አ. በ2022 እንዲያውም ጊዜው ከኤጁ ብዛት ብዙም የማይርቅ አልጎሪዝም ወጥቶለታል።
እህቴ ኮድሽ ደህና ነው፣ የተቀየረው ጥያቄው ነው። ሁለት ነጥብ ሲሆን ትልቁ ፍሎው ከትንሹ ከት (ሁለቱን ለመለየት ከሚቆረጡት ኤጆች ትንሹ ድምር) ጋር እኩል ነው፣ ሦስት ሲሆን ግን ያ እኩልነት አይሠራም፣ በጠቅላላ ግራፍ ላይ ከሦስት ጀምሮ ኤንፒ ሃርድ ነው፣ መልቲዌይ ከት ይሉታል። አንቺ ስትደምሪ ደግሞ አንዱን መንገድ ሁለቴ ቆጥረሽዋል። እንዲህ አድርጊ፦ ኮዬን ከሁለቱ ለይተሽ ቁረጪ (ሁለቱን በትልቅ ካፓሲቲ፣ ማለት በትልቅ የኤጅ ቁጥር፣ ከአንድ አዲስ ኖድ ጋር አያይዣቸው)፣ ቱሉ ዲምቱንም ገላንንም እንደዚሁ፣ ከሦስቱ ከት ትልቁን ጥለሽ ሁለቱን አንድ ላይ ውሰጂ። ከትክክለኛው መልስ ከሲሶ በላይ አይበልጥም።

ጀሞ ሁለት፦ እሺ ተምታቶብኝ ነው 😅

አቃቂ፦ መንገዶቹ ካልተደራረቡ፣ ማለት ግራፉ ፕላናር ከሆነ፣ ሦስቱም በፖሊኖሚያል ይፈታል፣ ግን ድልድይ ካለ በላዩና በታቹ ሲያልፉ አበቃ። ለ60 ኖድ ግን ምን አስጨነቀሽ፣ በኢንቲጀር ፕሮግራሚንግ (መልሱ ሙሉ ቁጥር የሆነ የሂሳብ ሞዴል) ጻፊውና ሶልቨር (እሱን የሚፈታ ሶፍትዌር) ይፍታው። ኤንፒ ሃርድ ማለት ትንሹም አይፈታም ማለት አይደለም።

የኮዬዋ፦ ሞከርኩት! ለየብቻ ሲቆረጡ ኮዬ 14፣ ቱሉ ዲምቱ 12፣ ገላን 17፣ ገላንን ጥዬ 26። ሶልቨሩ 23 አለ፣ የወረቀቴም 24 ትንሹ አልነበረም ለካ። መልሱ ከዚህ ብዙም እንደማይወርድ እንዴት አስረዳለሁ?

ባለ ላፕቶፑ፦ የትኛውም መልስ ሦስቱንም ይለያል አይደል፣ ስለዚህ በየሰፈሩ ዙሪያ ያለው ቁርጥ ቢያንስ 14፣ 12 እና 17 ነው፣ ድምሩ 43። አንድ መንገድ ግን ቢበዛ የሁለት ሰፈር ድንበር ነውና ግማሹ፣ 21.5፣ ሰው ደግሞ አይከፈልም 22። ይቺን ስላይድ ላይ አድርጊያት፣ አድቫይዘርሽ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እሷን ነው።