የፕሮጀክት መክፈቻ ስብሰባ እንዴት ልምራ?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ አማክሩኝ። የምሠራው ደሴ ነው። ኮምቦልቻ ላለ አንድ ጅምላ አከፋፋይ የመጋዘንና የሽያጭ ሶፍትዌር ልንሠራ ተዋውለናል። ሐሙስ የመክፈቻ ስብሰባ አለን፤ የምመራው እኔ ነኝ።

ያለፈው ፕሮጀክት የተበላሸብን ገና ከመጀመሪያው ስብሰባ ነው። ስላይድ አሳየን፣ ሁሉም "ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው" አለ፣ ቡና ጠጥተን ተለያየን። የመጋዘን ኃላፊዋ ትንፍሽ አላለችም። ከሁለት ወር በኋላ ሲስተሙን ስናሳያት ደብተሯን ዘረጋችልን። ዕቃ የምትመዘግበው በካርቶን ሳይሆን በደርዘን ነበር። ዱቤው ደግሞ ለብቻው፣ በቀይ እስክሪብቶ። ግማሹን እንደ አዲስ ሠራነው።

አሁንም የሚያስጨንቀኝ ይኸው ነው። ባለቤቱ ሐጂ ተቀምጠው ሠራተኛ ደፍሮ አይናገርም፤ ክብር ነው፣ ይገባኛል። ታዲያ ሠራተኞቹን ቀድሜ ለብቻቸው ላናግር? ወይስ ሐጂን አስፈቅጄ ደብተሩን እዚያው ጠረጴዛ ላይ እናውጣው? ደግሞስ በዚህ ዙር የማንሠራው ምን እንደሆነና በኋላ "ይህንንም ጨምሩ" ሲባል የሚወስነው ማን እንደሆነ፣ ሳላስቀይም እንዴት ላንሳው? የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል፤ የዓመቱ መጨረሻ የዕቃ ቆጠራ ሳይደርስ ሲስተሙ ሥራ መጀመር አለበት። የሞከራችሁት ካለ ከሐሙስ በፊት ንገሩኝ።