የጋሊሊዮ ተዳፋት ጣውላ፦ ሒሳቡ ለምን 9.8 አይመጣም?

ጥያቄ (የክበብ አስተባባሪ)
ጋሊሊዮ በ1638 ላይደን በታተመው መጽሐፉ የገለጸውን ሙከራ ከ11ኛ ክፍል ልጆች ጋር እየደገምን ነው። ጣውላው 2 ሜትር ነው፣ 14 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቦይ ተፍቆበታል። የምናንከባልለው 25 ሚሊሜትር የኩሽኔታ ብይ ነው። አንዱ ጫፍ 10 ሴንቲሜትር ከፍ ብሏል። አንዱ ልጅ "ልቀቅ" ብሎ የሞባይሉን ሰዓት ያስነሳል፣ ሌላው ብዩን ይለቃል። ለ50 ሴንቲሜትር 1.95 ሴኮንድ፣ ለ2 ሜትር 3.75 ሴኮንድ መጣ። ርቀቱ አራት እጥፍ ሲሆን ጊዜው ልክ እጥፍ መሆን አልነበረበትም? የመሬት ስበትን ስናሰላ ደግሞ በ9.8 ፋንታ 5.7 ብቻ ወጣ። ልጆቹም "ሰውዬው እውነት ሞክሮታል ወይስ በሐሳቡ ነው?" እያሉ ነው።

መልስ (ላብራቶሪ)
ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፣ አንድ ላይ አትፈልጓቸው። የመጀመሪያው አለቃቀቃችሁ ነው። "ልቀቅ" ከተባለ በኋላ እጅ እስኪታዘዝ ሰዓቱ ይቆጥራል፤ ይህ ትርፍ በአጭሩም በረጅሙም ርቀት ላይ እኩል ይጨመራል። ከሁለቱም 0.15 ሴኮንድ ቀንሱ፤ 1.80 እና 3.60 ይሆናል፣ ልክ እጥፍ። የሚለቀውና ሰዓቱን የሚነካው አንድ ሰው ይሁን። ብዩን በጣት አትያዙት፣ በማስመሪያ ከፊቱ አግዱት። ማስመሪያውንም ወደ ቁልቁለቱ አቅጣጫ ቶሎ ሳቡት፤ ወደ ላይ ካነሳችሁት ብዩን እየታከከ ያሽከረክረዋል።

መልስ (ዘ-ሜካኒክስ)
ከላይ ያለው እርማት 5.7ን ወደ 6.2 ያደርሰዋል። የቀረው ስሕተት አይደለም። ብዩ ስለሚንከባለል ከሚያገኘው ጉልበት ከፊሉ ለመሽከርከር ይውላል። በጠፍጣፋ ጣውላ ላይ የሚንከባለል ድፍን ኳስ የሚያገኘው አክሰለሬሽን (የፍጥነት ጭማሪ) ሳይሽከረከር ቢንሸራተት ከሚያገኘው 5/7 ነው፤ ስለዚህ 7.0 ነበር የምታገኙት። የእናንተ ብይ ደግሞ የቆመው በቦዩ ሁለት ጠርዞች ላይ ነው። ራዲየሱ 12.5 ሚሊሜትር ቢሆንም የሚንከባለለው በ10.4 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ለተመሳሳይ ርቀት ብዙ ይሽከረከራል። 12.5ን ለ10.4 አካፍላችሁ፣ ስኩዌር አድርጋችሁ፣ በ0.4 (የድፍን ኳስ የመሽከርከር ቁጥር ነው) አባዙና 1 ደምሩበት፤ 1.58 ገደማ ይመጣል። 9.8 ለዚህ ሲካፈል 6.2።

ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ በዚያው ቦይ 50 ሚሊሜትር ድፍን ኳስ ልቀቁ፤ ወደ 6.8 ከፍ ይላል። ቦዩን ማስፋት ግን ነገሩን ያባብሰዋል።

ጋሊሊዮን ይህ አላስቸገረውም፤ የሚያወዳድረው ርቀትን ከርቀት፣ ጊዜን ከጊዜ ነበርና የሁሉም ቅናሽ እኩል ከሆነ ንጽጽሩ አይዛባም። ቁጥር ሲደፍር ነው የሳተው፦ በ1632ቱ መጽሐፉ አንድ አካል በ5 ሴኮንድ 100 ክንድ ይወድቃል ይላል፣ ከእውነቱ ግማሽ እንኳ አይደርስም።

መልስ (የታሪክ ክፍል)
ለልጆቹ ጥያቄ፦ የተጠራጠሩት እነሱ ብቻ አይደሉም። የሳይንስ ታሪክ ተመራማሪው አሌክሳንደር ኮይሬ በ1953 በጋሊሊዮ የውሃ ሰዓት (በቀጭን ቱቦ የወረደውን ውሃ መዝኖ ጊዜ የሚለካበት) ያን ያህል ትክክለኛነት አይገኝም ብሎ ነበር። ቶማስ ሴትል በ1961 እንደ ጽሑፉ ሠርቶ ሞከረውና በደንብ ሠራ። ጽሑፉ የሚለው ይህን ነው፦ 12 ክንድ ጣውላ፣ ከጣት ትንሽ የሚሰፋ ቦይ፣ ውስጡ ለስላሳ ብራና የተለጠፈበት፣ ድቡልቡል የነሐስ ኳስ፣ ጫፉ አንድ ወይም ሁለት ክንድ ከፍ ያለ።

እኔ ለክፍል የምመርጠው ግን የ1604ቱን ደብዳቤ ነው። ለቬኒሱ ምሁር ለፓኦሎ ሳርፒ ሲጽፍ ርቀቱ በጊዜው ስኩዌር እንደሚያድግ ያውቃል፤ ምክንያቱን ግን ፍጥነት ከተጓዘው ርቀት ጋር እኩል ስለሚያድግ ነው ብሎ ያስቀምጣል። ይህ አያስኬድም፦ ርቀት ዜሮ ከሆነ ፍጥነትም ዜሮ ነው፣ ኳሱ ከቦታው አይነሳም። በኋላ ነው ፍጥነትን ከጊዜ ጋር ያሰረው። ልጆቹ ስሕተቱን ራሳቸው ያግኙት። ከፒዛ ግንብ ላይ ኳሶች ጥሎ ሞከረ የሚባለውን ግን ባታነሱት ይሻላል፤ ታሪኩ የመጣው ከደቀ መዝሙሩ ከቪቪያኒ ነው፣ አብዛኞቹ የታሪክ ሰዎች ይጠራጠሩታል።

የጠያቂው ተከታይ ጥያቄ
እናመሰግናለን። ያለ ሞባይል እንዴት እንሥራው? የጉሉኮስ ቱቦ ሞክረን ውሃው ሚዛን ላይ የሚታይ አልሆነም።

መልስ (ላብራቶሪ)
የጉሉኮስ ቱቦ ለዚህ ይቀጥናል። በሴኮንድ 15 ግራም ያህል የሚያወርድ ቱቦ ፈልጉ፤ ለ2 ሜትር 54፣ ለ50 ሴንቲሜትር 27 ግራም ትጠብቃላችሁ። ጠባብ ጀሪካን አይሆንም፣ ውሃው ሲጎድል ግፊቱ ስለሚቀንስ ረጅሙ ጊዜ አጥሮ ይታያል። ሰፊ ሳፋ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ እስከ ምልክቱ ይሞላ። ግራም የሚለይ ሚዛን ይበቃል።

መልስ (ዘ-ሜካኒክስ)
ከውሃው የቀለለ አለ። የጋሊሊዮን ማስታወሻዎች የመረመረው ስቲልማን ድሬክ የሚንቀሳቀስ የጅማት ክር ቦዩ ላይ አስሮ ጊዜውን በዜማ ምት ሳይለካ አልቀረም የሚል ግምት አለው፤ የጋሊሊዮ አባት የሉት (አንገቱ ላይ የጅማት ክር የሚታሰርበት የሙዚቃ መሣሪያ) ተጫዋች ነበሩ። እናንተ ቀጭን ክር ከመነሻው በ12.5፣ በ50፣ በ112.5 እና በ200 ሴንቲሜትር ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ። ብዩ በየ0.9 ሴኮንዱ "ቀጭ" ይላል፣ ድምፁም እኩል ይራራቃል። በክሮቹ መካከል ያሉት ርቀቶች ግን እንደ 1፣ 3፣ 5፣ 7 እያደጉ ይሄዳሉ። ክሩ ከወፈረ ብዩ ይዘላል። ልጆቹ ግን መጀመሪያ ቁጥሩን ሳያውቁ፣ እያጨበጨቡ፣ ክሮቹን በጆሯቸው ብቻ ያስተካክሉ፤ ከዚያ በሜትር ይለኩ።

መልስ (አናጢው)
ጣውላው መሃል ላይ እንዳይጎብጥ በሦስት ቦታ ደግፉት። ከጎበጠ መጀመሪያው ይቆለቁላል፣ መጨረሻው ይለዝባል፤ ክሮቹም የትም ብትወስዷቸው እኩል አይመቱም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጥሮ ማየት ይበቃል። ቦዩን በብርጭቆ ወረቀት ስትፈትጉ በርዝመቱ ብቻ ይሁን።