ከኦፕራሲዮን በኋላ ሕመም፦ ቻርቱ 0 ይላል፣ ታካሚው ግን መሳል አቅቶታል

ጦሳ ሥር (ነርስ፣ ደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። ዋርድ ሲዞር «አባባ፣ ያምዎታል?» ሲባሉ መልሱ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ነው፤ ቻርቱ ላይ የሕመም ልኬታቸው 0 (ምንም ሕመም የለም) ተብሎ ይጻፋል። ከአልጋ ይውረዱ ሲባል ግን ጥርሳቸውን ይነክሳሉ። ለመሆኑ ከኦፕራሲዮን በኋላ ስንቱ ነው የሚታመመው? አጠያየቁንስ ምን እናድርገው?

ማደንዘዣ ኮምቦልቻ
አብዛኛው ይታመማል። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ በወጣ የ250 ሰዎች ጥናት 80% ያህሉ ሕመም ነበረባቸው፣ ያውም መድኃኒት እንደ ልብ በሚገኝበት አገር። ስለዚህ ዋርድ ሙሉ 0 ካያችሁ ልኬቱን ተጠራጠሩ።

አልሐምዱሊላህ ምስጋና ነው፣ ልኬት አይደለም። ደግሞም ጋደም ያለ ሰው ስፌቱ አይወጠርበትም። ቁስላቸውን በታጠፈ ጋቢ ደግፈው ሁለቴ ይሳሉ፣ ከዚያ በጣት ያሳዩ፦ ጭብጥ 0፣ አስሩም ጣት የማይቻል። 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ይታከም። በሕመም ምክንያት ያልሳለ ሰው አክታው ሳንባው ውስጥ ይቀርና ኒሞኒያ ያመጣበታል።

መድኃኒት ቤት
እኔ የምጣላው «ሲያስፈልግ» ከሚለው ትእዛዝ ጋር ነው። የማይጠይቅ ታካሚ ምንም ሳይሰጠው ያድራል። ፓራሲታሞል 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ በሰዓቱ ይሰጥ፤ በቀን ከ4 ግራም አይለፍ፣ ከ50 ኪሎ በታች ለሆነ ሰው ለአንድ ጊዜ መጠን በኪሎ 15 ሚሊግራም ይሰላ። ዲክሎፌናክ 75 ሚሊግራም በጡንቻ በየ12 ሰዓቱ ሊጨመር ይችላል፤ ኩላሊት፣ ጨጓራ ቁስለት ወይም የመድማት ስጋት ካለ ግን ይቅር። ካልበቃ ትራማዶል ከ50 እስከ 100 ሚሊግራም በየ6 ሰዓቱ፤ የሚጥል በሽታ ላለበት አይሰጥም። መርፌ ከተሰጠ ከ30 ደቂቃ፣ ኪኒን ከሆነ ከ1 ሰዓት በኋላ መልሶ መለካት ነው። ይሄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

ጦሳ ሥር
በጀርባ በሚወጋ የማደንዘዣ መርፌ ኦፕራሲዮን የተደረጉትስ? ማታ ላይ ድንገት ይብስባቸዋል።

ማደንዘዣ ኮምቦልቻ
ማደንዘዣው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ውስጥ ይለቃል። የመጀመሪያው ፓራሲታሞል እግራቸውን ማንቀሳቀስ ሳይጀምሩ ይግባ፤ ሕመሙ ከነደደ በኋላ ማብረድ ብዙ መድኃኒት ይፈጃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሆዱን ኦፕራሲዮን በተደረገ ሰው ላይ ሲቀንስ የቆየ ሕመም በ3ኛው ቀን ገደማ ከትኩሳትና ከፈጣን ልብ ምት ጋር ከተነሳ በማስታገሻ ብቻ አትሸፍኑት፣ ሐኪም ሆዱን ይይ። ጄሶ የታሰረለት ሰው ደግሞ ጣቱ ቀስ ብሎ ሲዘረጋ ከጮኸ ጄሶው በፍጥነት ይከፈት፣ ሐኪምም ወዲያው ይጠራ።